ሊጦን በስምንት አውታር

የጊታር ክር ሲመታ ድምፁ ከዚያችው ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። የዘማሪ ድምፅ ግን ትንፋሹ እስኪያልቅ በአንድ ልክ ይዘልቃል፤ ሲሻውም እየጎላ ይሄዳል። ጊታርንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን ባንድ ላይ ለማስኬድ የሚነሣ ሙዚቀኛ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው፤ አንደኛው ከስሞ ሌላኛው ብቻውን ይቀራል። ባቱሽካ የተባለው የፖላንድ ቡድን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2015 ባወጣው «ሊቱርጊያ» በተሰኘው አልበሙ ይህን ችግር ፈትቶታል። መፍትሔውን ያገኘው ደግሞ ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከብላክ ሜታል ከራሱ ነው።

የብላክ ሜታል ጊታር ተጫዋች አንድን ኖታ አንዴ መትቶ አይተዋትም። አንጓው ሳያርፍ ያችኑ ኖታ ወደ ላይና ወደ ታች እየመታ በሴኮንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይደጋግማታል። ጆሮ እያንዳንዱን ምት ለይቶ መቁጠር ሲያቅተው የሚሰማው አንድ ረጅም የሚንቀጠቀጥ መስመር ነው። ትሬሞሎ ይባላል። በብዙ አልበሞች ይህ አመታት ብርድን፣ ማዕበልን፣ የሰሜን ጫካን ለመሳል ያገለግላል። በ«ሊቱርጊያ» ግን ጊታሩ ከዘማሪዎቹ እንደ አንዱ ሆኗል። መዘምራኑ አንዲት ቃል ስበው ሲቆዩ እሱም አብሮ ይቆያል፤ አንድ እርከን ዝቅ ሲሉ አብሮ ዝቅ ይላል። ሁለቱ እኩል እድሜ ስላገኙ ከላይ የተለጠፈ የሚመስል ነገር የለም። ብዙ የሜታል ቡድኖች መዘምራንን እንደ ጌጥ አምጥተው መግቢያው ላይ ወይም ማብቂያው ላይ ሰክተዋቸዋል። እዚህ ግን መዘምራኑን ብታወጧቸው ሥራው ይፈርሳል፤ ጊታሩንም ብታወጡት እንዲሁ።

ዘውጉን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ይገባኛል። ስሙ የመጣው የእንግሊዙ ቬነም በ1982 ካወጣው አልበም ነው፤ መልኩን የያዘው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ነው። ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጩኸት፣ ፋታ የማይሰጥ ድራም፣ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተቀዳ ድምፅ መለያዎቹ ነበሩ። ዳርክትሮን የተባለው ቡድን በ1994 ያወጣውን «ትራንሲልቫኒያን ሃንገር» በአራት ትራክ መቅጃ ነው የሠራው። ከሙዚቃው ጋር የመጣው ጥላቻም በቃል ብቻ አልቀረም። በርገን አጠገብ የነበረው የፋንቶፍት ጥንታዊ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በጁን 6 ቀን 1992 ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። አንድ አማኝ የዘውጉን ስም ሲሰማ ፊቱን ቢያዞር ምክንያት አለው።

የዘውጉ «መናፍስታዊነት» በአብዛኛው የታወቀ ነው፤ የተገለበጠ መስቀል፣ ከድግምት መጻሕፍት የተለቀመ ስም፣ ሰዋስዉ የተሰባበረ ላቲን። በእነዚህ ሥራዎች የሚያሳዝነኝ ስድቡ ብቻ አይደለም። የሚሰድቡትን አለማወቃቸውም ነው። ቅዳሴ ቆሞ የማያውቅ ሰው ቅዳሴን ገለበጥሁ ሲል የገለበጠው የራሱን ግምት ነው። በፖላንድም በዘውጉ ትልቅ ስም ያለው የቤሄሞት መሪ በ2007 ግዲኒያ ከተማ መድረክ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ቀዶ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። መጽሐፍ ለመቅደድ መጽሐፉን ማወቅ አያስፈልግም። «ሊቱርጊያ» የተሠራው ግን በሚያውቅ እጅ ነው፤ ይህም ጆሮን ሰጥቶ ለሚያደምጥ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስታውቃል።

ባቱሽካ የበቀለበት ቢያሊስቶክ በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ፣ ከቤላሩስ ድንበር ብዙም ሳይርቅ ያለ ከተማ ነው። አገሩ በአመዛኙ ካቶሊክ ቢሆንም ፖድላሴ የሚባለው ይህ አካባቢ የፖላንድ ኦርቶዶክሳውያን ዋና መኖሪያ ነው። ነሐሴ 13 ቀን እኛ ደብረ ታቦርን ስናከብር፣ ልጆች በየደጁ ቡሄ ሲጨፍሩ፣ የፖድላሴ ምእመናን መስቀል ተሸክመው ወደ ግራባርካ ኮረብታ ይወጣሉ። የሚያከብሩት ያንኑ በዓል በዚያው ቀን ነው። ከቢያሊስቶክ ወጣ ብሎ በሱፕራሽል ወንዝ ዳር በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ የተተከለ ገዳም አለ። በ1823 እዚያ የተገኘው ብራና በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የተጻፈ ነው፤ ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ማኅደር ተመዝግቧል። ከዚሁ ገዳም የወጣና በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መጻፍ የተጀመረ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ የስላቭ ቤተ ክርስቲያን ዜማን በመስመር ኖታ ካሰፈሩት ከቀደሙት አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ዘማሪው ዜማውን የሚያስታውሰው ከቃሉ በላይ በተጻፉ ጥቃቅን ምልክቶች ነበር። ድጓ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የአልበሙ ሥር እዚህ ስለሆነ ነው። መናፍስታዊ የተባለው ሙዚቃ የጠጣው ከድግምት መጽሐፍ አይደለም። ከአንድ ሕያው የጸሎት ቤት ነው።

ስምንቱ ክፍሎች በሙሉ አንድ ስም አላቸው፤ «የክቴኒያ»፣ ከአንድ እስከ ስምንት። የክቴኒያ በስላቭ ቅዳሴ ዲያቆኑ ልመናውን አንድ በአንድ እየዘረዘረ መዘምራኑ በየመሀሉ አንዲት አጭር የምሕረት ልመና የሚመልሱበት ጸሎት ነው። እኛ ሊጦን ብለን የምናውቀው ወገን ነው። በሰሙነ ሕማማት ኪርያላይሶን እያለ የሰገደ ሰው የዚህን ጸሎት አካሄድ ጉልበቱም ወገቡም ያውቁታል። ቃሉ አንድ ነው፤ ይደጋገማል፤ ሲደጋገም ግን አይሰለችም፤ እየከበደ ይሄዳል። ልዩነቱ የእኛ ዜማ በአንድ መስመር ሲወርድ የስላቮቹ መልስ በሦስትና በአራት ድምፅ ተደራርቦ በኅብር መምጣቱ ነው።

በዚህ ጸሎት ውስጥ ከውጭ የመጣ ሰው በቀላሉ የማያስተውለው አንድ ጥበብ አለ። ጥሩ ዲያቆንና ጥሩ መዘምራን ሲገጥሙ በመካከላቸው ባዶ ቦታ አይኖርም። የዲያቆኑ የመጨረሻ ድምፅ ሳይጠፋ መዘምራኑ ይገባሉ፤ የእነርሱ ኅብር ገና በጣሪያው ሥር እያስተጋባ ዲያቆኑ ቀጣዩን ልመና ያነሣል። ጸሎቱ ሳይቆረጥ የሚፈስ አንድ ነገር ይሆናል። «ሊቱርጊያ»ን ሰምቼ ሰምቼ ያደነቅሁት መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። የሚጮኸው ድምፅ ልመናውን ይዞ ይመጣል፤ ጩኸቱ ከመርገቡ በፊት ከሥሩ ወፍራሙ ኅብረ ድምፅ ተነሥቶ ይቀበለዋል። ጩኸቱ በዲያቆኑ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። አንዳንዴም ነገሩ ይገለበጥና መዘምራኑ ጠያቂ፣ ጊታሩ መላሽ ይሆናል። ማን ለማን እንደሚመልስ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የደረሰው።

ጩኸቱ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ሰው የብላክ ሜታል ጩኸትን የሙዚቃ እጦት አድርጎ ያየዋል። በዚህ አልበም ግን ጩኸቱ ቁርጥ ያለ የድምፅ ከፍታ የሌለው መሆኑ ጥቅም ሆኗል። ዘማሪዎቹ አራት ኖታ ይዘው ሲቆሙ አምስተኛ ዘማሪ ቢጨመር ኅብሩን ሊያበላሸው ይችላል። ጩኸት ግን ከየትኛውም ኖታ ጋር ስለማይጣላ በየትኛውም ኮርድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ኅብሩ ሰላሙን ሳያጣ ከላዩ የሰው ሥቃይ ይሰማል። ምሕረት የሚለመነው በተደላደለ ድምፅ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በየደብሩ በዓውደ ምሕረት ወድቆ የሚጮህ ሰው አይተናል፤ መዘምራኑ በዚያው ሰዓት ዜማቸውን አያቋርጡም።

ሙዚቃውን የደረሰው ክሽሽቶፍ ድራቢኮቭስኪ ስምንት ክር ያላቸውን ጊታሮች መርጧል። ተራ ጊታር ስድስት ክር ነው፤ ሁለቱ የተጨመሩት ወፋፍራም ክሮች ድምፁን ወደ ታች ይወስዱታል። በተለመደው የስምንት ክር ቅኝት የመጨረሻው ክር 46 ኸርዝ አካባቢ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር ያነሣሁት ለቴክኒክ ብዬ አይደለም። በስላቭ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ውስጥ ኦክታቪስት የሚባሉ፣ ከተለመደው ወፍራም ድምፅ አንድ ስምንት ድምፅ ዝቅ ብለው የሚዘምሩ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ ጥልቅ የሆኑት ወደ 50 ኸርዝ ይወርዳሉ። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ራክማኒኖፍ በ1915 በደረሰው የዋዜማ ጸሎት አምስተኛ ክፍል ላይ እነዚህን ሰዎች ደረጃ በደረጃ ወደ 58 ኸርዝ ያወርዳቸዋል፤ ሰሚው መሬት ከእግሩ ሥር ዝቅ ያለች ይመስለዋል። ስለዚህ የስምንት ክር ጊታር የወለሉ ድምፅና የዚህ ዝማሬ ወለል እዚያው አካባቢ ነው የሚገናኙት። ሌሎች ቡድኖች ይህን ጊታር የሚይዙት ለመክበድና ለመደብደብ ነው። እዚህ ግን አንድ ኦክታቪስት ሊቆም በሚችልበት ቦታ ቆሟል።

ወደ ድራሙ ስንመጣ የእኛ ጆሮ ከፖላንዱ ጆሮ ይለያል፤ ይህን ልዩነት ማስተዋል ለእኛ አንባቢ የሚጠቅም ይመስለኛል። በስላቭ ኦርቶዶክስ ቤተ መቅደስ ከደወል በቀር መሣሪያ አይገባም፤ እግዚአብሔር የሚመሰገነው በሰው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ የፖድላሴ ምእመን ቅዱስ ዜማ ከድራም ጋር መሰማቱ ራሱ ድንጋጤ ነው። እኛ ግን ከበሮንና ጸናጽልን በማኅሌት አድገንበታል። መቋሚያው ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲፈጥን፣ ሌሊቱን የቆመው ሕዝብ ድካሙን ሲረሳ እናውቃለን። ለዚህ ነው የእኛ ሰው «ሊቱርጊያ»ን ሲሰማ ድራሙ መኖሩ ሳይሆን ሌላ ነገር የሚያስገርመው። በማኅሌቱ ከበሮው ሲፈጥን ዜማውም አብሮት ይፈጥናል። እዚህ ድራሙ በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ሲወርድ መዘምራኑ አይከተሉትም። ያንኑ ረጅም ቃል በዚያው እርጋታ ይዘው ይቆያሉ። ከሥራቸው የሚሮጠው ሁሉ የማይመለከታቸው ይመስላል።

ይህ ውሳኔ በእኔ ግምት የአልበሙ ትልቁ ነው። ዝማሬው ቢፈጥን ኖሮ መቀለጃ ይሆን ነበር። ድራሙ ቢዘገይ ደግሞ አልበሙ ቤተ ክርስቲያን መሰል የሐዘን ሙዚቃ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እንዲህ ያለው በገበያው ሞልቷል። ሁለቱ በየራሳቸው ጊዜ እንዲኖሩ መተዋቸው ሰሚውን በሁለት ቦታ ያቆመዋል፤ አንድ እግሩ በዚህ ዓለም ጥድፊያ፣ አንድ እግሩ ጊዜ በማይለካበት ቅዳሴ ውስጥ። አልበሙ በዚህ ፍጥነት ብቻ አይጓዝም። ድራሙ ድንገት ይከፈላል፤ ምቱ ወደ ሰው እርምጃ ይወርዳል፤ ጊታሩ በአንድ ኮርድ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያንዣብባል፤ መዘምራኑ ብቻቸውን ይቀራሉ። እነዚህ ዝግታዎች የሚመጡበት ቦታ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ ሰሚው ሊደክም ሲል እንጂ ከደከመ በኋላ አይደለም።

የቀረጻው ጥራት ከዘውጉ ልማድ የራቀ ነው። የ1990ዎቹ ኖርዌያውያን ድምፃቸውን ያሻከሩት ለዓላማ ነበር፤ ጭጋግ ይፈልጉ ነበር። ይህ አልበም ግን ጭጋግ ቢገባበት ይሞታል፤ ምክንያቱም የወንድ መዘምራንና ወፍራም ጊታር የሚኖሩት በአንድ የድምፅ መንደር ነው። ሳይጠነቀቁ ቢቀላቅሏቸው አንዱ አንዱን ይውጠዋል። መፍትሔው በማሚቶው ላይ ይሰማል። መዘምራኑ ሰፊ የድንጋይ ቤት ውስጥ የቆሙ ያህል ድምፃቸው ረጅም ማሚቶ አለው፤ ድራሙ ግን ደረቅ ነው፣ ከጆሮ አጠገብ። ድራሙም እንደ መዘምራኑ ቢያስተጋባ ኖሮ በዚያ ፍጥነት ሁሉም ወደ ጭቃነት ይለወጥ ነበር። ርቀትና ቅርበት በሥርዓት ስለተከፋፈሉ ሰሚው የሚያዳምጠው በቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ቆሞ ነው ማለት ይቻላል፤ ጫጫታው ከአጠገቡ፣ ጸሎቱ ከውስጥ።

የክፍሎቹ ንዑስ ርእሶችም ዝም ብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ መንጻት፣ ቡራኬ፣ ጥበብ፣ ምሕረት፣ ቅዱስ መግቢያ፣ ተስፋ፣ እውነት፣ ድኅነት። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የተገለበጠ ነገር የለም። አንድ ካህን ቢያነበው የሚቆጣበት ቃል አያገኝም። ቋንቋውም የቤተ ክርስቲያን ስላቮኒክ ነው፤ ሰው በገበያ የማይነጋገርበት፣ ለጸሎት የቀረ ቋንቋ። ለእኛ ግእዝ ምን እንደሆነ ማሰብ ነው። መግቢያው አምስተኛ ላይ፣ ከመካከል መቀመጡም ደስ ይለኛል። በቅዳሴያቸው ዲያቆኑ ወንጌሉን ይዞ የሚገባበት፣ ሕዝቡም በእግሩ እንዲቆም የሚታወጅበት ሰዓት ነው። አልበሙ የቅዳሴውን ቅደም ተከተል አልገለበጠም፤ ለራሱ ጉዞ እንዲሆን ግን እንደገና አቀናብሮታል።

እንግዲህ መናፍስታዊው ነገር የት ነው? ብዙዎች የሚጠቁሙት አልባሳቱን ነው። ቡድኑ በመድረክ የሚቀርበው ፊቱን ሸፍኖ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሶ፣ ሻማ አብርቶና ዕጣን አጭሶ ነው፤ በልብሱ ላይ የራስ ቅል፣ መስቀልና ፊደላት ይታያሉ። የምዕራቡ የሜታል ተመልካች የራስ ቅሉን ሲያይ የጥንቆላ ምልክት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በምሥራቅ ኦርቶዶክስ ገዳማት የመጨረሻውን የምንኩስና ማዕርግ የተቀበለ መነኩሴ የሚለብሰው አስኬማ ላይ መስቀል፣ ጦር፣ ፊደላትና ከመስቀሉ ሥር አንድ የራስ ቅል ይጠለፋል። የራስ ቅሉ የአዳም ነው፤ የክርስቶስ ደም በጎልጎታ ፈስሶበታል ተብሎ የሚታመነው። ይህን ታሪክ እኛም እናውቀዋለን፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በስቅለቱ ሥዕል ግርጌ የሚታየው ያው የራስ ቅል ነው። መነኩሴው የሚለብሰው ለዓለም መሞቱን ለማወጅ ነው። ስለዚህ በልብሱ ላይ ያለው የሞት ምልክት ከመቃብር ቆፋሪ ጠንቋይ አልመጣም፤ ሞቱን በየቀኑ ከሚያስብ ባሕታዊ መጣ። የብላክ ሜታል ዋና ጉዳይ ሞት ነው። ኦርቶዶክሳዊ ገዳምም ሞትን ከማሰብ ጀምሮ ወደ ትንሣኤ ይሄዳል። አልበሙ እስከ መጀመሪያው ምዕራፍ ድረስ አብሮ ሄዷል፤ ከዚያ በላይ መሄዱን ግን ሙዚቃው አይነግረንም።

ምስጋናዬ ያለ ገደብ አይደለም። የአልበሙ ሽፋን የእመቤታችንና የልጇ ሥዕል ነው፤ ፊታቸው ግን ጠፍቶ ጨለማ ሆኗል። ይህን ሽፋን አይቼ መቀበል አልቻልሁም፣ አሁንም አልቀበለውም። ሥዕል ለእኛ ጌጥ አይደለም፤ ፊቱ ደግሞ የሥዕሉ ልብ ነው። በሱፕራሽል ገዳም የነበረው የምሥራች ቤተ ክርስቲያን በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ በፈንጂ ፈረሰ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ከተሳሉት የግድግዳ ሥዕሎች የተረፉት ጥቂት ቁርጥራጮች ዛሬ በዚያው በሱፕራሽል በሥዕል ሙዚየም ይታያሉ። ከነዚህ ቁርጥራጮች ብዙዎቹ የቅዱሳን መልኮች ናቸው። ግድግዳው ጠፍቶ ፊቱ የተረፈበት አገር ውስጥ ፊትን አጥፍቶ ሰሌዳውን ማስቀረት ለእኔ ጉዳት ነው። በሩሲያ ያሉ አማኞች ተቃውሞ ማንሣታቸውም አይደንቀኝም። እንዲህም ሆኖ ሽፋኑ ያደረገውን ሙዚቃው አላደረገውም። ዝማሬው ፊት አለው። ሐዘኑ የእውነት ነው፤ ልመናው የእውነት ነው፤ ኅብሩን የሠራው ሰው ኅብሩን ይወደዋል።

ይህንንም ያረጋገጠው በኋላ የመጣው ጠብ ነው፤ አጭር አድርጌ ልለፈው። አልበሙ ሲወጣ አባላቱ ስማቸውን ሰውረው ነበር። በኋላ ሙዚቃውን የደረሰው ድራቢኮቭስኪና ድምፃዊው ባርትዎሜይ ክሪሹክ ተለያዩ፤ በ2019 ሁለት ባቱሽካዎች በሳምንታት ልዩነት ሁለት አልበም አወጡ። ከዓመታት በኋላ የክሪሹክ ወገን ስሙን ቀይሮ ፓትሪያርክ ተብሏል። የድራቢኮቭስኪ «ፓኒሂዳ» በስሙ የሙታን ጸሎት ነው፣ እኛ ፍትሐት የምንለው። በችኮላ የተሠራ ይመስላል፤ ሆኖም መጋጠሚያዎቹን የሚያውቅ እጅ ይታይበታል። «ሆስፖዲ» የተባለው የክሪሹክ አልበም በቀረጻ የተሻለ፣ በአልባሳት የደመቀ ነው፤ መዘምራኑ ግን እንደገና ጌጥ ሆነዋል። ይገባሉ፣ ያምራሉ፣ ይወጣሉ። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው በመጀመሪያው አልበም ሥራውን የሠራው ቀሚሱ ሳይሆን ድርሰቱ እንደነበር ይረዳል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። «ሊቱርጊያ» በሽፋኑ በድሏል፤ በሙዚቃው ግን ከ2010ዎቹ የሜታል ሥራዎች መካከል እንደ እሱ በጥንቃቄ የተገጣጠመ አላውቅም። ዕዳውም ትልቅ ነው። ያ ኅብር ለዘመናት በፖድላሴ ትንንሽ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት፣ ደመወዝ ሳይጠይቁና ስማቸው ሳይጠራ የዘመሩ ሰዎች ያቆዩት ነው።

መስማት የሚፈልግ አንባቢን አንድ ነገር እለምነዋለሁ። በስልክ ድምፅ ማጉያ አትሞክሩት፤ ወፍራሙን ድምፅ ስልኩ አያወጣውም፣ ግማሹ ሥራ ይቀርባችኋል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ፈልጉ። መጀመሪያ ራክማኒኖፍ በ1910 ከደረሰው ቅዳሴ የመክፈቻውን ሊጦን ስሙ፣ ዲያቆኑና መዘምራኑ እንዴት እንደሚቀባበሉ ጆሯችሁ እንዲለምድ። ቀጥላችሁ «ሊቱርጊያ»ን ከአንደኛው የክቴኒያ እስከ ስምንተኛው ሳታቋርጡ አዳምጡ። አልበሙ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።